ሳትታመም «አሞኛል» ከማለትህ በፊት

ወንድሜ፣ «መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ሄጄ አባቴን አጨዳ እንዳግዘው፣ ሳልታመም አሞኛል ብዬ ከፋብሪካው ልቅር ወይ?» ብለሃል። አትዋሽ። ደብረ ብርሃን ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ጠዋት መናኸሪያ ያየህ ሰው ከሰዓት ከአለቃህ ጋር ቡና ሊጠጣ ይችላል። የሕመም ፈቃድ ደግሞ የሐኪም ማስረጃ ይፈልጋል፣ ከየት ልታመጣ ነው? ሥራ ከጀመርክ ዓመት ከሞላህ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለህ፣ ከዚያ ላይ ጠይቅ። እኔ አንዴ ዋሽቼ ቀርቼ፣ በኋላ የእውነት የታመምኩ ቀን የሚያምነኝ አጣሁና ትኩሳት እያንቀጠቀጠኝ የሌሊት ፈረቃዬን ጨረስኩ። እስከዛሬ ይቆጨኛል። ዛሬውኑ አለቃህን አናግረው። «አባቴ ብቻውን ነው፣ ዝናብ ሳይመጣበት እህሉን እናንሳ» በለው። የገበሬ ልጅ ከሆነ ይገባዋል።