ቻይናን በብስክሌት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ቻይና ውስጥ በብስክሌት ረጅም መንገድ ስለመጓዝ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። እዚሁ አንድ ላይ ልመልስ።

ከሻንጋይ እስከ ቲቤት ዋና ከተማ ላሳ ብቻዬን መንዳት እችላለሁ?
አትችልም ወንድሜ። 318 ቁጥር ብሔራዊ መንገድ ከሻንጋይ ተነስቶ ቲቤት ይዘልቃል፣ ቻይናውያንም በብስክሌት ይሄዱበታል። የውጭ ዜጋ ግን ቲቤት የሚገባው በአስጎብኚ ድርጅት በኩል ፈቃድ አውጥቶ፣ አስጎብኚም ይዞ ነው። እኔን ብትሰማኝ ከቲቤት ጎን ያለው የሲቹዋን ግዛት ምዕራብ ይሻልሃል። መንገዱ ያው 318 ነው፣ ሊታንግ ከተማ ድረስ ያለ ቲቤት ፈቃድ ትሄዳለህ፤ የቲቤትን ሕዝብ ኑሮም እዚያው ታየዋለህ።

አዲስ አበባ ነው ያደግኩት፣ ከፍታው ያስቸግረኛል?
አትዘናጋ። የሲቹዋን ዋና ከተማ ቼንግዱ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በዚያው በ318 መንገድ ላይ ያለችው ካንግዲንግ 2,500 አካባቢ። ከካንግዲንግ እንደወጣህ ዳገቱ ይጀምርና የዜዶ መተላለፊያ ላይ 4,298 ሜትር ይደርሳል። ካንግዲንግ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደር። ራስህን እያመመህ ካቅለሸለሸህ ሽቅብ እንዳትቀጥል፣ ውረድ። በዚህ ነገር ሰው ይሞታል።

የ30 ቀን ቪዛ ይበቃል?
አገሩን ለማቋረጥ አይበቃም እህቴ። አንድ ግዛት በደንብ ለማየት ግን ይበቃል፣ እኔም የምመክርሽ እሱን ነው። ቀን እየቆጠሩ መሮጥ ጉዞውን ይገድለዋል። ማራዘም ከፈለግሽ ቪዛው ሊያልቅ ቢያንስ 7 ቀን ሲቀረው ለፖሊስ የኢሚግሬሽን ቢሮ ማመልከት አለብሽ። ውሳኔው ቀናት ስለሚወስድ ቢሮው ያለበት ከተማ ማረፍሽ አይቀርም።

ማታ የት ይታደራል?
ሆቴል ካደርክ እነሱ ይመዘግቡሃል። ሰው ቤት ካደርክ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጋ መመዝገብ ግዴታ ነው። ትንንሽ ከተሞች ላይ የውጭ ሰው አንቀበልም የሚል እንግዳ ማረፊያ ያጋጥማል፣ ብዙ ጊዜ አመዘጋገቡን ስለማያውቁት ነው። ስለዚህ ሳይመሽ ግባ።

የትኛው መንገድ ላይ ነው የሚነዳው?
ፈጣን መንገድ ላይ ብስክሌት ክልክል ነው። ሰሌዳው ላይ ከ«ጂ» (G) ፊደል ቀጥሎ ሦስት አኃዝ ካየህ፣ ለምሳሌ 318፣ ንዳ። አንድ፣ ሁለት ወይም አራት አኃዝ ከሆነ ፈጣን መንገድ ነው። ጉግል ማፕ ላይ አትተማመን፣ እዚያ ታግዷል።

ጾም ላይ ከሆንኩ ምን እበላለሁ?
ሩዝ፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ እንደ አይብ ያለ ምግብ)፣ አትክልት ሞልቷል። ጣጣው ዘይቱ ላይ ነው፤ አትክልቱን በአሳማ ስብ የሚጠብሱ ቤቶች ስላሉ «ሥጋ የለውም» ሲሉሽ ስለ ስቡም ለይተሽ ጠይቂ። ቡድሂስት ገዳም አጠገብ ያሉ ምግብ ቤቶች ከሁሉ ይሻላሉ። ሙስሊም ወገኖቼ ደግሞ ጋንሱ ግዛት ስትገቡ አትቸገሩም፣ ሁዊ የሚባሉት የቻይና ሙስሊሞች ምግብ ቤት በየመንገዱ አለ። የኑድል ሊጡን ፊታችሁ ይጎትቱታል፣ ያጥፉታል፣ ደግመው ይጎትቱታል፤ ክር እስኪመስል ሲቀጥን የፈላ ውሃ ውስጥ ይጥሉትና በበሬ ሥጋ መረቅ ያቀርቡላችኋል።

የጋዝ ምድጃ ይዤ ባቡር መሳፈር እችላለሁ?
ምድጃው ችግር የለውም፣ የጋዝ ቆርቆሮው ግን ፍተሻ ላይ ይወሰድብሃል። ባቡሩም ሆነ ሆቴሉ የፈላ ውሃ በነፃ ስለሚሰጥ ጥሩ ቴርሞስ ያዝ።