ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ጠፈርተኛ መሆን ይችላል?

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ የዓይነት 1 ስኳር ሕመም ስላለበት በየዕለቱ ኢንሱሊን ይወጋል። ምኞቱ ጠፈርተኛ መሆን ነው፤ መምህሩ ግን «ስኳር ያለበት ሰው መንኮራኩር ላይ አይወጣም» ስላሉት አዝኖ ሰንብቷል። እውነት ነው ዶክተር? (አንዲት እናት፣ ከአቡ ዳቢ)

መልስ፦ ውድ እናት፣ እስከ ዛሬ ባለው አሠራር መምህሩ አልተሳሳቱም፤ የመንግሥት የጠፈር ድርጅቶች ኢንሱሊን የሚወጋን ሰው ለጠፈርተኛነት አይመለምሉም። የሚፈሩት የደም ስኳር በድንገት ወርዶ ራስን መሳት እንዳይከተል ነው። ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መፍጠን የስኳር መውረድ ምልክቶች ናቸው፤ ሮኬት ሲተኮስ ግን ጤነኛውም ሰው እነዚሁ ሊታዩበት ስለሚችሉ በዚያች ሰዓት መታመን ያለበት ስሜት ሳይሆን መሣሪያ ነው።

መቀመጫውን እርስዎ ባሉበት ከተማ ያደረገው ቡርጂል የተባለ የሆስፒታሎች ድርጅት ይህንኑ ለመፈተሽ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 አክሲየም 4 በተባለው የግል ድርጅት ጉዞ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከሄዱት ተጓዦች ጋር ቆዳ ላይ የሚለጠፉ የስኳር መለኪያዎችንና እንደ እስክሪብቶ የተሠሩ የኢንሱሊን መርፌዎችን ልኳል። ተጓዦቹ ስኳር ሕመም አልነበረባቸውም፤ ሊታወቅ የተፈለገው መለኪያው ክብደት በሌለበት በትክክል ይሠራ እንደሆነ፣ ኢንሱሊኑም ማቀዝቀዣ ውስጥና ውጭ ሲቆይ ኃይሉን ይጠብቅ እንደሆነ ነበር። ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ልጅዎ መርፌውን ሽቅብ ይዞ በጣቱ መታ መታ ሲያደርገው የአየር አረፋው ወደ ላይ የሚወጣው የምድር ስበት ስላለ ነው፤ በጠፈር አረፋው ካለበት ስለማይነሳ የሚወጋው መጠን ሊዛባ ይችላል። በዚያ ላይ ጡንቻ ሥራ ሲፈታ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይዳከማል፤ ይህን አልጋ ላይ በሚከርሙ ሰዎችም እናየዋለን።

ለጥቂት ደቂቃ ደርሶ መመለስ ከዚህ ይቀልላል፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የፓርኪንሰን ሕመም ያለባቸው የ80 ዓመቱ ጆን ጉድዊን ቨርጂን ጋላክቲክ በተባለ የግል ድርጅት መንኮራኩር ተጉዘዋል። እሳቸው ግን ተሳፋሪ እንጂ ሠራተኛ አልነበሩም። ለልጅዎ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የአብራሪዎች ይመስለኛል፦ ለረጅም ዘመን ተዘግቶባቸው የቆየውን በር የአሜሪካ የአቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 ከፍቶ፣ ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ስኳራቸው በደንብ መያዙን ቆዳ ላይ በሚለጠፈው ተከታታይ መለኪያ መዝገብ ካሳዩ የአየር መንገድ አውሮፕላን እንዲያበርሩ ፈቅዷል።

ጠፈርም እንዲሁ ይከፈታል ብዬ ቃል አልገባልዎትም፤ በሩ ቢከፈት መጀመሪያ የሚጠየቀው ግን እንዲህ ያለው መዝገብ ይመስለኛል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ቆዳ ላይ ስለሚለጠፈው መለኪያ ሐኪሙን ያማክሩ፤ የዓይንና የኩላሊት ምርመራው አይዘለል፤ ቁጥሮቹንም እርስዎ ሳይሆኑ ልጁ ራሱ ይመዝግብ።