እንስሳውን ሳታውቁ ውጤቱን አትመኑ፦ ወደ ንቅለ ተከላ ምርምር ለምትገቡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ወደ ኩላሊት ንቅለ ተከላ ምርምር መግባት የምትፈልጉ "ከየት እንጀምር?" እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አብዛኞቻችሁ ስለ አዲስ መድኃኒት ወይም ስለ ጂን ቴክኖሎጂ እንዳወራላችሁ ትጠብቃላችሁ። እኔ ግን ከእንስሳው ጀምሩ እላችኋለሁ። የምትሠሩበትን እንስሳ ጠንቅቃችሁ ሳታውቁ ያገኛችሁትን ውጤት አትመኑ።

መጀመሪያ ሥራው ለማን እንደሆነ አትርሱ። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የንቅለ ተከላ ማዕከሉ በ2015 ሥራ ሲጀምር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ኩላሊት የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ነበር። የሥጋ ዘመድም ቢሆን፣ ፍጹም ተመሳሳይ መንትያ ካልሆነ በስተቀር፣ ሰውነት የመጣውን ኩላሊት እንደ ባዕድ ነው የሚያየው። ካልተከለከለ ያጠቃዋል። ስለዚህ ተቀባዩ ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ በየቀኑ መድኃኒት ይውጣል። መድኃኒቱ ኩላሊቱን ይጠብቅለታል፤ በዚያው ልክ ለኢንፌክሽንና ለካንሰር ያጋልጠዋል። ላቦራቶሪ ውስጥ የምንደክመው ይህን ሸክም ለማቅለል ነው።

መድኃኒቶቹ የተገኙት በእንስሳት በኩል ነው። በ1940ዎቹ እንግሊዛዊው ፒተር ሜዳዋር ጥንቸሎች ላይ ቆዳ ይተክል ነበር። ከሌላ ጥንቸል የመጣው ቆዳ ለጥቂት ቀናት ይይዝና ይሞታል። ከዚያው ለጋሽ ሁለተኛ ጊዜ ሲተክል ቆዳው ይበልጥ ፈጥኖ ሞተ። ሰውነት አንዴ ያየውን ባዕድ ያስታውሳል ማለት ነው። በ1959 ሽዋርዝና ዳምሼክ የተባሉ ሐኪሞች አንድ የደም ካንሰር መድኃኒት ጥንቸሎች ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) እንዳያመርቱ እንደሚያደርግ አሳዩ። በዓመቱ ሮይ ካልን የተባለ ወጣት ቀዶ ሐኪም ይህንኑ መድኃኒት ኩላሊት ለተተከለላቸው ውሾች ሰጠ። ኩላሊቶቹ ከተለመደው በላይ ቆዩ። ከዚሁ መድኃኒት የተሠራው፣ ዛሬም ድረስ የሚታዘዘው አዛታዮፕሪን ወደ ሰው የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን አብዛኛው ሥራ አይጥ ላይ ነው። ዝርያዋ የጠራ ነው፣ ጂኗን መለወጥ ይቻላል፣ ቶሎ ትራባለች። ግን የራሷ ጠባይ አላት።

ዲቢኤ 2 ከሚባለው ዝርያ ኩላሊት ወስዳችሁ ብላክ 6 ለሚባለው ብትተክሉ፣ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም መድኃኒት ይቀበለዋል። ከዚያው ዝርያ ልብ ብትተክሉለት ግን ይገፋዋል። ይህን ያላወቀ ወጣት መድኃኒት ሰጥቶ አይጧ ስትኖር "ሠራልኝ!" ብሎ ይዘላል። መድኃኒቱ ላይሠራም ይችላል፤ አይጧ ድሮም ልትቀበለው ነበር። መድኃኒት ያልተሰጣቸው እንስሳት ከሌሉበት ሙከራ ጠብ የሚል ነገር የለም። እኔ የሌላ ሰው ጥናት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው እነሱን ነው።

የአይጧን የራሷን ኩላሊቶችም አስቡ። እነሱ ካልወጡ የተተከለው ሞቶም እሷ ትኖራለች። ስለዚህ አንዱ በቀዶ ጥገናው ዕለት፣ ሌላው ከጥቂት ቀናት በኋላ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ሕይወቷ በአዲሱ ኩላሊት እጅ ነው። ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ክሬአቲኒን የሚባል ቆሻሻ በደሟ ውስጥ ያለው መጠን ያን ጊዜ ነው እውነቱን የሚናገረው።

ክሬአቲኒን ብቻውን ግን አይበቃም። ከኩላሊቱ ስስ ተደርጎ የተቆረጠውን ናሙና፣ ስላይዱን፣ ራሳችሁ ማይክሮስኮፕ ስር አስቀምጣችሁ እዩት፤ ሪፖርት አትጠብቁ። ሊምፎሳይት የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ሐምራዊ ነጠብጣብ መስለው በኩላሊቱ ቱቦዎች መካከል ተሰብስበው ታያላችሁ። መሰብሰባቸው ብቻ ሪጀክሽን፣ ማለትም ሰውነት ኩላሊቱን ገፋው፣ አያሰኝም፤ ሰውነት የተቀበለው ኩላሊት ውስጥም ይገኛሉ። የቱቦውን ግድግዳ ዘልቀው ሲገቡ፣ በደም ሥሩ የውስጥ ሽፋን ስር ሲሰገሰጉ ነው ነገሩ የከፋው። ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩ ሐኪሞች (ፓቶሎጂስቶች) በ1991 ካናዳ፣ ባንፍ ከተማ ተሰብስበው የጀመሩት መመዘኛም ትኩረቱ እዚሁ ላይ ነው።

ለእኛ አገር ልጆች በተለይ የምነግራችሁ ስለ ንጽሕና ነው። የላቦራቶሪ አይጥ የምታድገው ከጀርም ተጠብቃ ነው። በ2016 የሚኒሶታ ተመራማሪዎች የላቦራቶሪ አይጦችን ከቤት እንስሳት መሸጫ ከመጡ አይጦች ጋር አብረው አኖሩ። በፊት የላቦራቶሪ አይጦቹ መከላከያ ሥርዓት የሚመስለው የአራስ ሕፃንን ነበር። አብረው ከኖሩ በኋላ የአዋቂ ሰው መሰለ። የእኛ ታካሚ ከልጅነቱ ጀምሮ ስንቱን ኢንፌክሽን ተቋቁሞ ያደገ ነው። ካለፈ በሽታ ትዝታ የያዙ ቲ-ሴል የሚባሉ የመከላከያ ሴሎቹ ብዙ ናቸው። ከእነሱ አንዳንዶቹ የለጋሹንም ሴል ሊያጠቁ ይችላሉ። በንጹሕ አይጥ ላይ ያማረ ሕክምና እሱ ላይ ቢከሽፍ ሊደንቃችሁ አይገባም።

የመከላከያ ሴሎች የሚነቃቁበትን ሲዲ 154 የሚባለውን ሞለኪውል የሚያግደውን አንቲቦዲ ታሪክም አንብቡ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የጦጣዎችን የተተከለ ኩላሊት ለረጅም ጊዜ አቆየ። ሁላችንንም አስደሰተን። ሰው ላይ ሲሞከር ግን ደም ማርጋት አመጣና ሙከራው ቆመ። አንቲቦዲው ደም ከሚያረጉት፣ ፕሌትሌት ከሚባሉት ሕዋሳት ጋር የሚያያዝበት ተቀባይ ሞለኪውል ሰው ላይ አለ፤ የአይጥ ፕሌትሌት ላይ የለም። አይጧ ልታስጠነቅቀን አትችልም ነበር። በኋላ አንቲቦዲው ያን ተቀባይ እንዳይዝ ተደርጎ ተሠራ። መጋቢት 2024 ቦስተን ውስጥ ጂኑ የተለወጠ የአሳማ ኩላሊት ለተተከለለት ሰው ከተሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ከዚሁ ወገን ነው።

ስለዚህ ስትጀምሩ ለውጤት አትቸኩሉ። መጀመሪያ በአንድ ዝርያ ውስጥ፣ ከብላክ 6 ወደ ብላክ 6 መትከል ተለማመዱ። እዚያ ሪጀክሽን የለም። ኩላሊቱ ከሞተ ስፌቱ ጠቦ ነው፣ ደም ረግቶ ነው፣ ወይም የሽንት ቱቦው አፍስሶ ነው። ማስታገሻውን በሰዓቱ ስጡ፤ ታሞ የተጨነቀ እንስሳ ላይ የሚለካ ነገር አይታመንም፣ ማሠቃየቱም ነውር ነው። የዝርያውን ስም፣ ከየት እንደመጣችና ማን እንደሰፋላት በየአይጧ መዝግቡ። እንዲህ የተከላችኋቸው አይጦች ክሬአቲኒናቸው ሳይወጣ ለሳምንታት ከኖሩላችሁ፣ ያኔ የሌላ ዝርያ ኩላሊት ማምጣት ትችላላችሁ።