መልስ፦ መበደር ላልገባቸው የ2ኛ ክፍል ልጆች
እህቴ፣ «ልጆቹ 52 ሲቀነስ 27 ላይ መበደር አልገባ አላቸው፣ የሚያግዘኝ መምህርም የለም» ላልሽው፣ እኔም ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው የማስተምረው፣ በደንብ ይገባኛል። ቆርኪ ሰብስቢ፣ አስር አስሩን በፌስታል ቋጥሪና 5 ቋጠሮ ከ2 ነጠላ ጋር ለልጁ ስጪው፣ 7 አንሳ ስትዪው 2 ብቻ ነው ያለው፣ ግራ ይገባዋል፣ ከዛ ራሱ አንዱን ቋጠሮ ይፈታና 12 ይሆንለታል፣ መበደር ማለት ይሄው ነው በቃ። «ቲቸር ፈታሁት!» ሲሉ ብትሰሚ!

ስለ መምህራኑ፣ ስብሰባ ምናምን አትጥሪ በናትሽ፣ ሁሉም ደክሞታል። እኔ ከጎኔ ካለው ክፍል መምህርት ጋር በእረፍት ሰዓት ሻይ እየጠጣን ነው የጀመርነው፣ እሷ የኔን ክፍል ገብታ አየች እኔም የሷን። የተሙማውን (የመምህራን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያውን) 60 ሰዓትም ፎርም ከመሙላት ለዚህ አውሉት። ቋጠሮውን ግን ላላ አድርጊው፣ ከጠበቀ የልጆቹ ጣት አይፈታውም።