ከኋላ ለምትሰለፉ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ተከላካይ መሆን የምትፈልጉ ሴት ልጆች ምሳሌ ስትፈልጉ አብዛኛውን ጊዜ የምትመለከቱት አውሮፓን ነው። እኔ ግን ወደ ህንድ፣ ወደ ማኒፑር ግዛት ብትመለከቱ እመርጣለሁ። ሎይቶንግባም አሻላታ ዴቪ በ1993 ኢምፋል የተወለደች የመሃል ተከላካይ ናት (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የብሔራዊ ቡድኗን በአምበልነት መርታለች። በ2019 ለእስያ ምርጥ ሴት ተጫዋችነት ከቀረቡት የመጨረሻዎቹ ሦስት አንዷ ነበረች፤ ያሸነፈቻትም ጃፓናዊቷ ተከላካይ ሳኪ ኩማጋይ ናት። በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ 100 የብሔራዊ ቡድን ጨዋታ በማድረግ የመጀመሪያዋ ህንዳዊት ሆናለች።

መቶው የሚከብደው ሊጉ ምን ያህል አጭር እንደነበር ስታዩ ነው። የህንድ ሴቶች ሊግ በ2017 ሲጀመር ለማጠቃለያው ስድስት ቡድኖች ደልሂ ተሰብስበው ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጨረሱት። በ2022 አሥራ ሁለት ክለቦች ቡባነሽዋር ላይ ተገናኝተው በስድስት ሳምንት ገደማ 11፣ 11 ጨዋታ አደረጉ፤ ዋንጫውን የወሰደው አሻላታ የነበረችበት ጎኩላም ኬራላ ነው። እንዲህ ያለ ውድድር በየሦስት አራት ቀኑ ያጫውታችሁና ቀሪውን ዓመት ያለ ጨዋታ ይተዋችኋል። ተከላካይን የሚሠራት ወይም የሚሰብራት ያ ባዶ ጊዜ ነው ባይ ነኝ።

በነዚያ ወራት ኳስ ባይኖር እንኳ ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለውን ማሟሟቂያ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሥሩት። 20 ደቂቃ ነው፦ 8 ደቂቃ ቀስ ያለ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የዝላይና የሚዛን ሥራ፣ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። ኤሲኤል የሚባለው የጉልበት ጅማት ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በብዛት ይበጠሳል፤ ብዙውን ጊዜም ማንም ሳይነካችሁ፣ በድንገት ስትቆሙ፣ ስትዞሩ ወይም በግንባር ገጭታችሁ ስታርፉ። የተከላካይ ሥራ ደግሞ ይኸው ነው። ስታርፉ ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ ከታጠፈ አደጋ አለ፤ ከእግር ጣታችሁ ጋር በአንድ መስመር መሆን አለበት። ለኋላ ታፋ ተንበርከኩና ጓደኛችሁ ቁርጭምጭሚታችሁን ትያዝ፤ ከጉልበት እስከ ትከሻ ቀጥ ብላችሁ በዝግታ ወደ ፊት ውረዱ። ለጀማሪ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይበቃል። ወገብ ከታጠፈ ሥራው ከንቱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታ ሁለት ቀን ሲቀረው የምትሞክሩት ከሆነም በታፋ ሕመም እያነከሳችሁ ሜዳ ትገባላችሁ።

ሜዳ ውስጥ ደግሞ ወደ አጥቂዋ መሮጥ ያለባችሁ ኳሱ ወደ እሷ እየተጓዘ ሳለ ነው፤ ከተቆጣጠረችው በኋላ ዘግይታችኋል። የመጨረሻዎቹን ሦስት አራት እርምጃዎች አሳጥሩ፣ ሁለት ሜትር ገደማ ሲቀር ቁሙ፣ አንድ እግር ቀድሞ ሰውነታችሁ ጎን ይስጥ። እግሮቻችሁ እኩል ከቆሙ ኳሱ በመሃላቸው ያልፋል፣ ለመዞርም አንድ እርምጃ ይባክንባችኋል። ዓይናችሁ ኳሱ ላይ ይሁን፣ እሷን ወደ ሜዳው ዳር ግፏት፣ ኳሱ ከእግሯ ሲርቅ ንጠቁ። ሸርተቴ፣ ማለትም ተንሸራቶ ኳስ መንጠቅ፣ የመጨረሻው አማራጭ ነው፦ ወድቃችሁ እስክትነሱ ቡድኑ በአንድ ሰው ይጎድላል፣ የቅጣት ክልል ውስጥ ከሆነ ደግሞ ፍፁም ቅጣት ምት ሊያመጣ ይችላል። ተመልካቹ ያጨበጭባል፤ ጥሩ አሰልጣኝ ግን ለሸርተቴ ያበቃችሁን የአቋቋም ስህተት ነው የሚያየው።

ኳሱ ወደ ኋላ ሲመለስ ወይም ባለኳሷ ጀርባዋን ስትሰጥ የተከላካይ መስመሩ ወደ ፊት ይወጣል። ማንም ሳይጫናት ቀና ብላ ስታይ ግን ከመምታቷ በፊት ወደ ኋላ መሮጥ ይጀመራል። መስመሩ አብሮ ወጥቶ አጥቂዋን ከጨዋታ ውጪ የሚያደርግበት ወጥመድ የሚፈርሰው አንዷ ስትቀር ነው፤ ብዙ ጊዜ የምትቀረው ድምፅ የማይደርሳት የወዲያኛው መስመር ተከላካይ ናት። ስለዚህ ትዕዛዙ ባለ አንድ ቃል ይሁን፣ አንዲት ሰው ብቻ ትስጠው፦ «ውጡ!» ወይም «ተመለሱ!»።

አንዳንዱ ነገር ከእናንተ እጅ ውጪ ነው። በጃንዋሪ 2022 ህንድ ባዘጋጀችው የእስያ ዋንጫ ቡድኑ ከኢራን ጋር 0 ለ 0 ተለያየ፤ ቀጥሎ በኮቪድ ምክንያት በቂ ተጫዋች በማጣቱ ከቻይኒዝ ታይፔ (ታይዋን) ጋር ሳይጫወት ከውድድሩ ወጣ። በዚያው ዓመት ኦገስት ፊፋ የህንድን ፌዴሬሽን ሲያግድ ጎኩላም ታሽከንት ደርሶ ነበር፤ የእስያ ክለቦች ውድድሩን ሳይጫወት ተመለሰ።

በእጃችሁ ያለው የውል ወረቀቱ ነው። በህንድ ብዙ ተጫዋቾች በባቡር መሥሪያ ቤትና በፖሊስ ተቀጥረው ይጫወታሉ፤ ንግድ ባንክንና መቻልን ለምታውቁ ይህ እንግዳ አይደለም። እንዲህ ያለ ቅጥር ሊጉ ሲያልቅም ደመወዝ አለው፣ ካገኛችሁት አትናቁት። ከክለብ ጋር ስትፈራረሙ ደግሞ የፊፋን ደንብ እወቁ፦ ከ2021 ጀምሮ የወሊድ ፈቃድ ቢያንስ 14 ሳምንት ነው፣ ክፍያውም ከደመወዙ ከሁለት ሦስተኛ አያንስም። ስትጎዱ ለቀዶ ሕክምና የሚከፍለው ማን እንደሆነና ደመወዙ እስከ መቼ እንደሚቀጥል በጽሑፍ ይግባ፣ የውሉን ቅጂም ያዙ። ኤሲኤል ከታደሰ በኋላ ወደ ሜዳ ለመመለስ ብዙ ጊዜ ዘጠኝ ወርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ የስድስት ወር ውል የፈረመች ልጅ ጉልበቷ ሳይድን ውሏ ያልቃል።