ቦዲው ሲታሰር የሚቆመው ሎኮሞቲቭ

ከሽቱትጋርት የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዙት፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ የፍላይሽማን ኩባንያ ኤች ዜሮ (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ) የሞዴል ባቡር ሎኮሞቲቭ አላቸው፤ ከእርሳቸው በፊት የነበረው ሰው ዲኮደር፣ ማለትም በሐዲዱ የሚላክለትን ትእዛዝ አንብቦ ሞተሩን የሚነዳ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ አስገብቶበታል። ቦዲው (የላይኛው ሽፋኑ) ተነሥቶ ሲነዳ ያለ ችግር ይሄዳል፤ ቦዲው ተመልሶ በብሎን ሲታሰር ግን ጥቂት ሴንቲሜትር እንደተንቀሳቀሰ ለሐዲዱ ኃይልና ትእዛዝ የሚልከው ዲጂታል ጣቢያ ኃይሉን ይቆርጣል። አንድ ዲኮደር ጨሶ ተቃጥሏል። መብራቶቹ ፈዘዋል፣ አልፎ አልፎም ይርገበገባሉ። ጠያቂው በመጨረሻ «ሦስተኛ ዲኮደር የትኛውን ልግዛ?» ብለዋል።

ለጊዜው ምንም አይግዙ። ዲኮደር ቦዲ መታሰሩን ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ ቦዲው ሲታሰር ብቻ የሚመጣ ጥፋት አንድ ነገር ተጭኖ ከሌላ ነገር ጋር እየተነካካ መሆኑን ይነግረናል። የእኔ ግምት ኤሌክትሪኩን ለሚዞረው የሞተር ክፍል ከሚያደርሱት ሁለት ካርቦኖች አንዱ አሁንም ከሻንሲው (ከሎኮሞቲቩ የብረት አካል) ጋር ይገናኛል የሚል ነው። የመብራቱ መፍዘዝም ወደዚሁ ይመራኛል፤ የተሠራው ሥራ ግማሽ መሆኑን ያሳያልና።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ግን በደብዳቤዎ መካከል በአንድ መስመር ብቻ ያለፉት ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ዋናውን ዙር በዲጂታል ጣቢያው፣ የማረፊያውን ሐዲድ ደግሞ ገመዱ በተሰነጣጠቀው አሮጌ ትራንስፎርመር እንደሚያሠሩ ጽፈዋል። ይህን ትራንስፎርመር ዛሬውኑ ከሶኬቱም ከሐዲዱም ይንቀሉት። ሎኮሞቲቩ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ክፍተት ሲሻገር በመንኮራኩሮቹ ሁለቱን የኃይል ምንጮች ያገናኛቸዋል፤ ያን ጊዜ ጣቢያው ወይም ዲኮደሩ ይቃጠላል። የተሰነጠቀው ገመድ ደግሞ 230 ቮልት የተሸከመ ነው፤ እሱ የሚያቃጥለው ሰው ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ እንመለስ። በእነዚህ አሮጌ ሎኮሞቲቮች ክብ ሞተር ላይ አንደኛው ካርቦን ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው በቀጥታ ከሻንሲው ነው፤ ሻንሲው ደግሞ ከአንደኛው ወገን መንኮራኩሮች ያገኛል። ለዘመኑ ምንም ስሕተት አልነበረበትም፤ እንዲያውም አንድ ሽቦ ያተረፈ ብልህ አሠራር ነበር። አንደኛው ሐዲድ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ወደ ኋላ ለመሄድ ሁለቱን መለዋወጥ ብቻ በቂ ነበር።

በዲጂታል ግን ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ቮልቴጅ አለ፤ በኤች ዜሮ ብዙውን ጊዜ 16 ቮልት አካባቢ ነው። ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ያለማቋረጥ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ትእዛዙም የሚተላለፈው ሁለቱ እስኪለዋወጡ በሚፈጀው ጊዜ ርዝመት ነው። «አንድ» ሲላክ እያንዳንዱ ግማሽ 58 ማይክሮሰከንድ ይቆያል፤ «ዜሮ» ሲላክ 100 ማይክሮሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ። ዲኮደሩ ይህን እያነበበ ጅረቱን በውስጡ ወደ አንድ አቅጣጫ ያስተካክለዋል፤ ከዚያም በአራት ትራንዚስተሮች፣ ሁለቱ ከላይ ሁለቱ ከታች ሆነው፣ ሞተሩን ይነዳል። ብርቱካናማውና ግራጫው ሽቦ ከእነዚህ መካከል ይወጣሉ። እንግዲህ ብርቱካናማው ከቀኝ ሐዲድ ጋር ተነካክቷል እንበል። ቀኙ ሐዲድ ኔጌቲቭ በሚሆንበት ቅጽበት የዲኮደሩ ፖዘቲቭ የሚመጣው ከግራው ሐዲድ ነው፤ የላይኛው ትራንዚስተር ሲከፈት ያ ፖዘቲቭ በሞተሩ ውስጥ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ቀኙ ሐዲድ ይፈሳል። መካከል ላይ የሚያግደው ምንም ነገር የለም። ይህ በአንድ ሰከንድ ከ5,000 እስከ 8,000 ጊዜ ያህል ሊደጋገም ይችላል። ጣቢያው ፈጣን ከሆነ ኃይሉን ይቆርጣል፤ ከዘገየ ትራንዚስተሩ ይጨሳል። የመጀመሪያው ዲኮደርዎ የሞተው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ያህል ያስረዘምኩት፣ ይህ ካልገባ ሰው ዲኮደር በዲኮደር ላይ እየገዛ ስለሚያቃጥል ነው።

ቦዲውን አንሥተው የካርቦን መያዣውን ይፍቱ። ከሥሩ ናስትሮ ተለጥፎ ቢያገኙ አልደነቅም። የቀድሞው ሠሪ ካርቦኑን በናስትሮ ለይቶ «አበቃ» ብሎ ይሆናል፤ ናስትሮ ግን በሞተሩ ሙቀት ይለሰልሳል፣ የዘይት ጠብታ ሲነካው ማጣበቂያው ይንሸራተታል፣ ብሎኑ ሲጠብቅ ደግሞ ይቀደዳል። እንዲህ ያለ ጥገና በዓመት ስንት ጊዜ በጠረጴዛዬ ላይ እንደሚያርፍ ብነግርዎ አያምኑኝም። ጠቅልለው ይጣሉት። ሁለቱም ካርቦኖች ከሻንሲው የተነጠሉበት ፕላስቲክ የካርቦን መያዣ ለእነዚህ ሞተሮች በመለዋወጫነት ይሸጣል፤ ገንዘብዎን በእሱ ላይ ያውሉ። ከካርቦን ወደ ሻንሲ የሚሄድ አሮጌ ካፓሲተር ካለም ቆርጠው ያውጡት።

በሥራው መካከል የሞተሩን የመዳብ ቀለበት በአልኮል ያጽዱ፤ በክፍልፋዮቹ መካከል ያለውን ጥቁር ዱቄት በእንጨት ስንጥር ያውጡ። ከዚያ ለብቻው የቆመውን ሞተር በ12 ቮልት አስነሥተው በጣት በመያዝ ለአንድ አፍታ ብቻ ያቁሙትና የሚስበውን አምፔር ያንብቡ። ከ1 አምፔር በላይ ከሳበ፣ ለ1 አምፔር የተሠራ ዲኮደር አይበቃውም።

ቀጥሎ ያለውን መለኪያ አይዝለሉ። መልቲሜትሩን በድምፅ መፈተሻው ላይ አድርገው፣ ዲኮደሩ ገና ሳይያያዝ፣ እያንዳንዱን የሞተር ጫፍ ከቀኝ መንኮራኩሮች፣ ከግራ መንኮራኩሮችና ከሻንሲው ጋር ይለኩ። ስድስቱም ጊዜ ዝም ማለት አለበት። አሁን ከሁለቱ የሞተር ጫፎች ረዘም ያሉ ሽቦዎች አውጥተው ቦዲውን በብሎን ይሰሩ፤ መንኮራኩሮቹን በጣትዎ እያዞሩ እንደገና ይለኩ። እርስዎ ዘንድ ጥፋቱ የሚታየው በዚህ ሁለተኛው ልኬት ነው። አንድ ጊዜ እንኳ «ጢጥ» ካለ ዲኮደሩ ከሳጥኑ አይውጣ።

ዝም ካለ ብየዳው ቀላል ነው። ቀይ ከቀኝ ሐዲድ፣ ጥቁር ከግራ ሐዲድ፣ ብርቱካናማና ግራጫ ከሞተሩ ሁለት ጫፎች። እያንዳንዱን መገናኛ በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ይሸፍኑት፤ ናስትሮን አስመልክቶ ያልኩትን አልደግምም።

ስለ መብራቱ፣ የዲኮደሩ ሰማያዊ ሽቦ ተቆርጦ ተጠቅልሎ እንደሚያገኙት እገምታለሁ። የቀድሞው ሠሪ አምፖሎቹን እንደ ድሮው ከሻንሲው ጋር ትቷቸዋል፤ እንዲህ ሲሆን አምፖሉ የሚበራው ያ ሐዲድ ፖዘቲቭ በሆነበት ግማሽ ጊዜ ብቻ ነው፤ መፍዘዙ ከዚህ ነው። አምፖሎቹን አውጥተው ሞቅ ያለ ነጭ ኤልኢዲ ይተኩ። ሰማያዊው የሁለቱም መብራቶች የጋራ ፖዘቲቭ ነው፤ ነጩ ሽቦ የፊቱ፣ ቢጫው የኋላው ኔጌቲቭ ነው። ለእያንዳንዱ ኤልኢዲ የራሱን 2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይስጡት። ከሐዲዱ ቮልቴጅ ወደ 14.5 ቮልት ቢደርስ፣ ኤልኢዲው 3 ያህሉን ይወስዳል፤ የቀረው 11.5 ቮልት በዚህ ሬዚስተር 5 ሚሊአምፔር ያህል ያሳልፋል፤ ለዓይን ከበቂ በላይ ነው። ሬዚስተር የሌላቸውን ርካሽ ባለ ሽቦ ኤልኢዲዎች በጅምላ ስለሚሸጡት ነጋዴዎች የምናገረውን እዚህ መጻፍ አይገባም።

የመጀመሪያው ሙከራ የዲኮደሩ ቅንብር በሚነበብበትና በሚቀየርበት በፕሮግራም መስጫው ሐዲድ ላይ ይሁን፤ እዚያ የሚለቀቀው ጅረት ትንሽ ስለሆነ ስሕተት ቢኖር እንኳ ዲኮደሩ የመትረፍ ዕድል አለው። ሲቪ የሚባሉት በዲኮደሩ ውስጥ የሚቀመጡ የቅንብር ቁጥሮች ናቸው፤ የአድራሻውን ቁጥር የያዘውን ሲቪ 1ን ያንብቡ፤ አዲስ ዲኮደር 3 ብሎ ይመልሳል። መልስ ከሌለ የሞተሩን ሽቦዎች ይፈትሹ፣ ዲኮደሩ መልስ የሚሰጠው በሞተሩ በኩል ነውና። ከዚያ ሲቪ 29ን ወደ 2 ይቀይሩት፤ ይህ የድሮውን አሠራር ይዘጋዋል፤ ባቡሩ ተራ ቀጥተኛ ጅረት ቢያገኝ በራሱ አይፈተለክም። ይህ ማለት ግን አሮጌውን ትራንስፎርመር መልሰው ማያያዝ ይችላሉ ማለት አይደለም፤ እሱ ነቅለው እንደጣሉት ይቅር።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ቦዲው ሲታሰር አሁንም «ጢጥ» የሚል ከሆነ የኋላውን ብሎን አውጥተው ከፊተኛው ጋር ያስተያዩት። ከረዘመ በሌላ ተተክቷል ማለት ነው፤ ጫፉ ወደ ካርቦን መያዣው እንዳይደርስ 2 ሚሊሜትር ያህል በሞረድ አሳጥረው፣ ብናኙን ከሞተሩ ርቀው አራግፈው ይመልሱት።