ገንዘብዎ፦ የእቁብ እጣ መግዛት ያዋጣል?

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን የአሥር ሰው እቁብ አለን። በየወሩ 5,000 ብር እየጣልን ባለተራው 50,000 ብር ይወስዳል። እጣው በአንድ ቀን ወጥቶ የሁላችንም ተራ ታውቋል፤ ለእኔ ስምንተኛው ደረሰኝ። አንደኛ የወጣለት ባልደረባዬ 3,000 ብር ከሰጠሁት ተራ ሊቀይረኝ ተስማምቷል። የልብስ ስፌት መኪና ልገዛበት አስቤያለሁ። ይሻለኛል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የሚገዙት ጊዜ ነው። 50,000 ብሩን ሰባት ወር ቀድመው ያገኛሉ፣ ለዚህም 3,000 ብር ይከፍላሉ። ይህ ለሰባት ወር 6 በመቶ፣ በዓመት ሲታሰብ ከ10 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ዋጋ ነው። ዛሬ በዚህ ዋጋ የሚያበድር ተቋም ማግኘት ከባድ ነው።

ለሰባት ወር ሲከፋፈል 3,000 ብሩ በወር 430 ብር ገደማ ይሆናል። መኪናው ክር፣ መብራትና የቤት ኪራይ ተቀንሶለት በወር ከዚህ በላይ ካስገባልዎት ይግዙት። ብሩ ለሶፋ ወይም ለድግስ ከሆነ ግን ስምንተኛውን ወር ይጠብቁ።

ባልደረባዎም አልተጎዳም። በባንክ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ቢታሰብ፣ 50,000 ብር በሰባት ወር የሚወልደው 2,042 ብር ያህል ነው። እጣውን ከዚህ በታች የሚሸጥ ሰው ብሩን ወስዶ ባንክ ቢያስቀምጠው ይሻለዋል።

ችግር የሚመጣው ከዋስትናው ነው። በስምንተኛው ወር ቢወስዱ ኖሮ የሚቀርብዎት ዕዳ 10,000 ብር ብቻ ነበር፤ አንደኛ ሲሆኑ 45,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ ለስምንተኛው ተራ የፈረመ ዋስ ለአንደኛው ዋስ ሆኗል ማለት አይደለም፤ እንደገና መፈረም አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅ በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። ብዙ እቁቦች «ዋስ ነኝ» ብቻ ተብሎ ይፈረምባቸዋል፤ ቀድሞ የወሰደ ሰው መክፈል ሲያቆም የኋለኞቹ ባዶ እጃቸውን የሚቀሩት በዚህ ነው። መጠኑን በቁጥርም በፊደልም አስጽፉ። የተራ ቅያሪውንም ዳኛውና ጸሐፊው በመዝገቡ ላይ ያስፍሩት፤ 3,000 ብሩን የሚሰጡት ከዚያ በኋላ ነው።

እቁብን ኋላ ቀር የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኛ አንስማማም። ለቀደመው ወለድ የሌለው ብድር፣ ለዘገየው ደግሞ እጁን አስሮ የሚያስቆጥብ ዘዴ ነው።

ጥያቄ፦ ለአንድ ዓመት 60,000 ብር መበደር እፈልጋለሁ። አንዱ ተቋም 18 በመቶ፣ ሌላው 22 በመቶ ይላል። ርካሹን ልውሰድ ስል የ18ቱ ወለድ «ቋሚ» ነው፣ የ22ቱ «በቀሪ ዕዳ ላይ» ነው አሉኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ርካሹ 22 በመቶው ነው።

ቋሚ ወለድ እስከ መጨረሻው ወር በመጀመሪያው 60,000 ብር ላይ ይሰላል። የ60,000 ብር 18 በመቶ 10,800 ብር ነው፤ በየወሩ 5,900 ብር ይከፍላሉ። በመጨረሻው ወር ያልከፈሉት 5,000 ብር ብቻ ሆኖ ሳለ ወለዱ እንደ መጀመሪያው ወር 900 ብር ነው። በቀሪ ዕዳ ላይ ሲሰላ ግን ወለዱ ከዕዳው ጋር አብሮ ይወርዳል፤ በ22 በመቶ የመጀመሪያው ወር ወለድ 1,100 ብር፣ የመጨረሻው ወር 100 ብር ገደማ ነው። ወርኃዊ ክፍያው 5,616 ብር፣ የዓመቱ ወለድ በጠቅላላ 7,390 ብር ያህል ይሆናል። ከሌላው 3,400 ብር ያነሰ ነው።

ከመፈረምዎ በፊት የመክፈያ ሰሌዳውን በወረቀት ይጠይቁ። «በእጄ የሚገባው ስንት ነው?» ይበሉም። 10 በመቶ የግዴታ ቁጠባ የሚይዝ ተቋም 54,000 ብር ሰጥቶ የ60,000 ብር ወለድ ያስከፍላል። የአገልግሎት ክፍያና ኢንሹራንስም ካለ ከሚሰጥዎት ላይ ይቀነሳል።

ጥያቄ፦ በየወሩ መጨረሻ በስልኬ 1,000 ብር ተበድሬ ደመወዝ ሲገባ 1,050 እመልሳለሁ። 50 ብር ብዙ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አንዴ ከሆነ አይጎዳም። በየወሩ ከሆነ ግን በዓመት 600 ብር፣ ማለትም 60 በመቶ ነው። ከደመወዝዎ 1,050 ብር ስለሚወጣ ወሩ ሳያልቅ ያው ጉድለት ይመለሳል። በአንድ ጊዜ ለማቆም አይሞክሩ። በሚቀጥለው ወር 900፣ ከዚያ 800 እያሉ በየወሩ 100 ብር ይቀንሱ፤ በአሥረኛው ወር መበደር ያቆማሉ። ከዚያ በኋላ ያንኑ 1,050 ብር ደመወዝ በገባ ቀን ወደ ሌላ የቁጠባ ሂሳብ ያዛውሩና ለወር መጨረሻ ከዚያ ይውሰዱ።